ታላቅ እህቴ ከሆስፒታል ልትወጣ ነው፤ ቤቱንም የሥራ ቀኗንም ከወዲሁ እንዴት እናዘጋጅ?

ታናሽ ወንድም፦

ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ እህቴ የሒሳብ መምህርት ናት። በመኪና አደጋ ሕብለ ሰረሰሯ ቲ10 (አሥረኛው የደረት አከርካሪ አጥንት) ላይ ተጎድቷል፤ ከእምብርቷ በታች ምንም አይሰማትም፣ አይንቀሳቀስላትምም። ሐኪሞቹ ጉዳቱ ሙሉ ነው ብለውናል። እጆቿ ደህና ናቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤት ትገባለች፤ ቀጣዩ የትምህርት ወቅት ሲጀመር ወደ ክፍሏ መመለስ እንደምትፈልግም ተናግራለች።

መግቢያችን ላይ እያንዳንዳቸው 17 ሴ.ሜ. የሆኑ ሁለት ደረጃዎች አሉ። ለመቀመጫዋ መሃሉ ክፍት የሆነ ቀለበት ትራስ ገዝተናል፣ ይበቃል? ሽንቷን ራሷ በካቴተር (ፊኛ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ታወጣለች፤ ስታስተምር እንዴት ልታደርገው ነው? እናታችን ደግሞ ሁሉንም ነገር እኔ ካላደረግኩላት ትላለች፣ እህቴ ግን ዝምታ አብዝታለች። የምታውቁ ሰዎች በዝርዝር ብትነግሩን።

የማታ ተረኛ ነርስ፦

ወንድሜ፣ ቀድመህ መጠየቅህ ጥሩ ነው። ከትራሱ ልጀምር፦ አትጠቀሙበት። መሃሉ ክፍት ስለሆነ ቁስል የሚከላከል ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ክብደቷ ጠርዙ ላይ ሲያርፍ ዙሪያውን ያሉት የደም ሥሮች ይጨመቃሉ፣ መሃል ላይ የተንጠለጠለው ሥጋ ደም ያንሰዋል፣ ያብጣል። ለዊልቸር ተብሎ የተሠራ፣ የመቀመጫ አጥንቶች የሚያርፉበት ቦታ ጎድጎድ ያለ የስፖንጅ ትራስ ወይም የአየር ትራስ ያስፈልጋታል። ስፖንጁ በየቀኑ ከተቀመጡበት ከግማሽ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሟሽሻል። በጣት ተጭነው ሲለቁት ቶሎ ካልተመለሰ ጊዜው አልፏል። የአየር ትራስ ከሆነ ደግሞ ተቀምጣበት እያለች እጃችሁን ከሥሯ አስገቡ፤ ዝቅ ብሎ ባለው አጥንትና በትራሱ መሠረት መካከል ከ1.5 እስከ 2.5 ሴ.ሜ. አየር መኖር አለበት። ብዙ ሰው በደንብ ስለነፋው የተሻለ ይመስለዋል። ከልክ በላይ ሲነፋ ግን ይጠጥራል፣ አጥንቱም አይሰጥምበትም።

ቆዳው ዋናው ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። ስሜት ያለው ሰው ሳያስበው ይቁነጠነጣል፤ እህትህን የሚያስጠነቅቃት ሕመም ስለሌለ የሕመሙን ቦታ ሰዓት መተካት አለበት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት ከመልበሷ በፊትና ማታ ስትተኛ፣ ረጅም እጀታ ባለው መስታወት ራሷ ትመልከት፦ ሁለቱን የመቀመጫ አጥንቶች፣ የወገቧን መጨረሻ፣ የዳሌዋን ጎንና ጎን፣ የጉልበቶቿን ውስጠኛ ክፍል፣ ቁርጭምጭሚቷን፣ ተረከዟን። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከአካባቢው የጠቆረ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላ፣ በእጅ ጀርባ ሲነካ የሚሞቅ፣ የጠጠረ ወይም ያበጠ ቦታ ትፈልግ። ክብደቷ ከተነሳለት በኋላ ምልክቱ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ፣ ቆዳው ወደ ቀድሞው እስኪመለስ በዚያ ቦታ መቀመጥም መተኛትም የለም። ቆዳው ከተከፈተ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት አልጋ ላይ ያውላታል። የትምህርት ወቅቱን ሊያሳጣት የሚችለው ሽባነቱ ሳይሆን ይህ ቁስል ነው።

ሌሊት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየ2 ሰዓቱ ትገላበጥ፤ ጠዋት ቆዳዋ ንጹሕ ከሆነ ልዩነቱን በ30 ደቂቃ እየጨመራችሁ አራዝሙት። ስትተኛ ሙሉ በሙሉ በጎኗ ሳይሆን ከጀርባዋ ትራስ ተደርጎ ወደ 30 ዲግሪ ዘንበል ትበል፤ ሙሉ ጎን ሲሆን ጫናው በሙሉ ዳሌ አጥንቷ ላይ ያርፋል። ጉልበቶቿ መካከል ትራስ፣ ከባቶቿ ሥር ሌላ ትራስ፤ ተረከዟ አየር ላይ ይንሳፈፍ። የታጠፈ አንሶላ፣ የሱሪ ወፍራም ስፌት፣ የኋላ ኪስ ውስጥ የተረሳ ቁልፍ ሁሉ ቁስል ያመጣሉ።

ስለ ሽንት። በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ካቴተር ማስገባት ያስፈለገው በአንድ ጊዜ ፊኛዋ ውስጥ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ እንዳይጠራቀም ነው። ፊኛው ሲለጠጥ ግድግዳው ይጎዳል፣ ኢንፌክሽን ይበረታል፣ ሽንቱም ወደ ኩላሊት ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላል። ወደ ሥራ ሲመለሱ በብዛት የሚታየው ስህተት ሽንት እንዳይመጣ ውኃ መተው ነው። ይህ ሽንቱን ያወፍረዋል፣ ሰገራውንም ያደርቃል። ሐኪሟ ሌላ ካላዘዘ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር በእኩል እየከፋፈለች ትጠጣ፤ ከመኝታዋ 2 ሰዓት በፊት ትቀንስ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጠጣችውንና የወጣውን ከነሰዓቱ በደብተር ትመዝግብ። የወጣው ከ500 ካለፈ ወይ ሰዓቱ ረዝሟል ወይ መጠጡ በአንድ ጊዜ በዝቷል። ሽንቱ ስለደፈረሰ ብቻ አንቲባዮቲክ አይጀመርም፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የእግር መንዘፍዘፍ መጨመር ወይም ያልነበረ መፍሰስ ካለ ግን መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ሽንቱ ይመርመር።

ሰገራውም ቋሚ ሰዓት ይፈልጋል። ምግብ አንጀትን ስለሚያነቃቃ ከምግብ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይሻላል፤ ለመምህርት ከእራት በኋላ ያለው ሰዓት ጠዋቷን ነፃ ያደርግላታል። በቲ10 ጉዳት ብዙውን ጊዜ የአንጀቱ ሪፍሌክስ (ሲነካ በራሱ የሚሰጠው ምላሽ) ስለሚኖር፣ ጓንት ያደረገና ጄሊ የተቀባ ጣት አስገብቶ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ቀስ ብሎ ማዞር፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ መድገም ነው። ሪፍሌክሱ መኖሩን ግን ከመውጣቷ በፊት ሐኪሙ መርምሮ ይንገራችሁ፤ ከሌለ ዘዴው ይለያል።

ይህ ሁሉ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ሳይቆይ በቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ይሞት ነበር። ሉድቪግ ጉትማን በ1944 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ክፍልን ሲጀምር ታካሚዎቹን ቀንና ሌሊት በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥንና የፊኛ እንክብካቤን ሥርዓት አስያዘ። በ1948 በዚያው ግቢ 16 ሰዎች በዊልቸር ሆነው ቀስት ተወዳደሩ፤ በ1960 ሮም ላይ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተካሄደ።

ፊዚዮና ልኬት፦

ነርሷ ስለ ቆዳ የጻፈችውን ሁሉ እደግፋለሁ፤ እኔ ስለ ወንበሩና ስለ ቤቱ ልጨምር።

ዊልቸር እንደ ልብስ በልክ ነው። ጠፍጣፋና ጠንካራ ነገር ላይ ዳሌዋ እስከ ኋላ ተጠግቶ ስትቀመጥ ለኩ። የመቀመጫው ስፋት ከዳሌዋ ስፋት ጋር እኩል ይሁን፤ ቢሰፋ እስከ 3 ሴ.ሜ. ነው። ጥልቀቱ ከዳሌዋ ጀርባ እስከ ጉልበቷ መታጠፊያ ካለው ልክ ከ3 እስከ 6 ሴ.ሜ. ይነስ። ይህ ሲረዝም ጠርዙ የጉልበቷን ጀርባ ስለሚነካ ወደ ፊት እየተንሸራተተች በወገቧ መጨረሻ ትቀመጣለች። እግር ማሳረፊያው ከባቷ ርዝመት ጋር ጫማዋን አድርጋ፣ ትራሱም ወንበሩ ላይ ሆኖ ይስተካከል። ከፍ ሲል ጉልበቷ ይነሳና ጭኗ የሚሸከመው ክብደት በሙሉ ወደ መቀመጫ አጥንቶቿ ይሄዳል፤ ዝቅ ሲል እግሯ ይንጠለጠላል። ከመሬት ግን ቢያንስ 5 ሴ.ሜ. ክፍተት ይኑረው። እጆቿን ለቀቅ አድርጋ ስታወርዳቸው የመሃል ጣቷ ጫፍ የኋላውን ጎማ መሃል መንካት አለበት። የጀርባ መደገፊያው ከትከሻ አጥንቷ በታች ይቁም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን እጇን ወደ ኋላ እንዳትወስድ ያግዳታል። ሰፋ ያለ ወንበር ይመቻታል ብሎ መግዛት ጎጂ ነው፦ ወደ አንድ ጎን ትደገፋለች፣ ክንዶቿም ተዘርግተው ስለሚገፉ ትከሻዋ ይጎዳል። ትከሻዋ አሁን እግሯም ስለሆነ መቆጠብ አለበት፤ አጫጭር ፈጣን ግፊት ሳይሆን ረጅምና ለስላሳ፣ ከገፋች በኋላ እጇ ወደ ታች ወርዶ የሚመለስ ይሁን።

ራምፑ፣ ማለትም በደረጃው ፈንታ የሚሠራው ተዳፋት መውጫ፣ ለእያንዳንዱ 1 ሴ.ሜ. ከፍታ 12 ሴ.ሜ. ርዝመት ይፈልጋል። የእናንተ ከፍታ 34 ስለሆነ 408 ሴ.ሜ. ይመጣል። ከላይ በሩ ፊት ለፊት 150 በ150 ሴ.ሜ. የሆነ ደልዳላ ቦታ ተዉ፤ ያለዚያ በሩን ስትከፍት ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ቦታ ካነሰ መሃሉ ላይ ማረፊያ አድርጋችሁ እጠፉት እንጂ ቁልቁለቱን አታጥብቁት። በጎንና በጎኑ ቢያንስ 5 ሴ.ሜ. ከፍ ያለ ጠርዝና የእጅ መደገፊያ፣ ገጹ ደግሞ ሻከር ያለ። ሁለት ሳንቃ ጎን ለጎን ማጋደም አደገኛ ነው፤ አንዱ ጎማ ሲወርድ ወንበሩ ይገለበጣል።

በር ስትለኩ ክፈፉን ሳይሆን በሩ 90 ዲግሪ ተከፍቶ የሚቀረውን ክፍት ቦታ ለኩ፤ 80 ሴ.ሜ. ይፈለጋል። የመጸዳጃ ቤቱ በር ከጠበበ በሩን አውልቆ መጋረጃ መስቀል ፈጣኑ መፍትሔ ነው። የሽንት ቤት መቀመጫ ከፍታ ከ43 እስከ 48 ሴ.ሜ. ቢሆን ከዊልቸሩ ጋር ስለሚቀራረብ መሸጋገር ይቀላል።

ስትሸጋገር ወንበሩ ከአልጋው ጋር ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ይጠጋ፣ ፍሬኑ ይያዝ፣ እግሮቿ መሬት ይንኩ፣ ወደ መቀመጫው ፊት ትጠጋ። ጭንቅላቷን ዳሌዋ ከሚሄድበት በተቃራኒ አቅጣጫ ዝቅ ስታደርግ ዳሌዋ ይነሳል። መሳብ ወይም መጎተት የለም፤ ቆዳው በዚያ ይላጣል። በጥቂቱ በጥቂቱ እያነሱ ማለፍ፣ ወይም የመሸጋገሪያ ሰሌዳ መጠቀም። የጎማውን ንፋስ በየሳምንቱ እዩ፤ ልኩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን በመጫን ስለሆነ፣ ንፋሱ ሲቀንስ በመሸጋገር መሃል ወንበሩ ይሸሻል።

ታናሽ ወንድም፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ራምፑን ዛሬውኑ ለአናጢው ነገርኩት። ሁለት ነገር ልጨምር። በኤሌክትሪክ የሚነፋ የአየር ፍራሽ ካለ መገላበጡ ይቀራል የሚል ሰው አለ። ሌላው፣ ቀን ላይ በእጇ ተገፍታ ለጥቂት ሰከንድ ብድግ እንድትል አስተምረዋታል፤ ለቆዳዋ ይበቃል?

ባለዊልቸሩ፦

ፍራሹ ጫናን ይቀንሳል እንጂ መገላበጥን አያስቀርም። ልዩነቱን ለማራዘም ይረዳል፤ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ግን ምን ያህል ጊዜ ንፋሱን እንደሚይዝ ከወዲሁ ሞክሩት።

ብድግ ማለቱ ብቻውን አይበቃም። ሥጋው ደም መልሶ እስኪሞላ 2 ደቂቃ ገደማ ያስፈልጋል፤ ያን ያህል ጊዜ በእጅ ተንጠልጥሎ መቆየት የሚችል ሰው ጥቂት ነው፣ በቀን ብዙ ጊዜ ሲደጋገምም ትከሻ ይጨርሳል። የሚሻለው ደረትን ወደ ጉልበት ማስጠጋት፣ ወይም ክርን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ መጀመሪያ በአንድ ጎን ቀጥሎ በሌላው 2፣ 2 ደቂቃ ማዘንበል ነው፤ በየ30 ደቂቃው። ቲ10 ላይ የሆዷ ጡንቻ በከፊል ብቻ ስለሚሠራ ከተደፋች በኋላ ለመመለስ ወንበሩን ወይም ጭኗን በእጇ መግፋት አለባት። ይህን ከሆስፒታል ሳትወጣ ትለማመድ። ስልኳ በየ30 ደቂቃው እንዲንዘር ይደረግ፤ ክፍል ውስጥ ተማሪዎች ጥያቄ ሲሠሩ ማንም ሳያስተውል ጠረጴዛዋ ላይ መደፋት ትችላለች።

የሽንት ሰዓቱን ከትምህርት ሰዓቱ ጋር አጋጥሙት። ለምሳሌ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት እና 4 ሰዓት ተኩል። በሥራ ቀን የሚያጋጥማት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱ በእረፍት፣ ሌላው ከክፍለ ጊዜ በኋላ ይውላል። ዊልቸሯ ላይ እንደተቀመጠች በረጅም ቱቦ ወደ ከረጢት ማውጣት ከተማረች ከዊልቸር ወደ ሽንት ቤት መሸጋገሩ ይቀርላታል፤ በሩ የሚዘጋ ክፍልና የእጅ መታጠቢያ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። ቦርሳዋ ውስጥ ከሚበቃት በላይ ሁለት ካቴተር፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ ጓንት፣ መስታወት፣ የሚዘጋ ከረጢትና ቅያሪ ልብስ ሁልጊዜ ይኑር።

ስለ እናታችሁ። ፍቅራቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን በቲ10 ጉዳት ያለ ሰው ከልምምድ በኋላ ራሱ መልበስ፣ መታጠብ፣ መሸጋገር፣ ምግብ ማብሰል፣ ፍሬኑና ነዳጁ በእጅ የሚታዘዝ መኪና መንዳት ይችላል። ጠዋት ካልሲ ማድረግ መጀመሪያ ላይ 15 ደቂቃ ቢፈጅባት እናታችሁ አጠገቧ ይቀመጡ እንጂ አይንጠቋት፤ ያን ጊዜ የሚያሳጥረው መደጋገሙ ብቻ ነው። በሌላ በኩል የራሷ ምርጫ የሆነ እርዳታ ሽንፈት አይደለም። ጉልበቷን ለማስተማሩ ለመቆጠብ ብላ ጫማዋን ሌላ ሰው እንዲያስርላት ከፈለገች ትዘዝ። እንክብካቤው ቀኑን በሙሉ እንዳይበላባት የትኛውን ራሷ እንደምትሠራ፣ የትኛውን እንደምትሰጥ የምትወስነው እሷ ትሁን። ሐኪም ሲመጣም ጥያቄው ለእሷ ይቅረብ፤ ታካሚው እያለ ለአስታማሚ ሲወራ ሰው ዝም ይላል። የቤቱን ወጪ መዝገብም ሆነ የታናናሾችን ትምህርት መከታተልን፣ ቀድሞ የእሷ የነበረውን ኃላፊነት ቤት ከገባችበት ቀን ጀምሮ መልሱላት።

የማታ ተረኛ ነርስ፦

ዝምታውን በተመለከተ ሦስት ነገር አጣሩ። አንደኛው ሕመም ነው። ስሜት በሌለበት ክፍል የሚያቃጥል ወይም እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር የነርቭ ሕመም ይኖራል፤ ሰው አያምነኝም ብላ ልትደብቀው ትችላለች። ተራ ማስታገሻ ብዙም አይረዳውም፣ ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙ ጋባፔንቲንና አሚትሪፕቲሊንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች አሉ። ሁለተኛው ድብርት ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ለነገር ሁሉ ፍላጎት ካጣች፣ እንቅልፏና ምግቧ ከተበላሸ፣ ባልኖር ይሻላል የሚል ቃል ከወጣት፣ የጉዳቱ ተፈጥሯዊ ውጤት ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ይታከማል። ስለ መሞት ታስቢያለሽ ወይ ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም፤ አዎ ካለች ብቻዋን አትተዉአት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ያግኛት። ሦስተኛው ለወንድም የማይነገረው ነው። የወር አበባ ከጉዳቱ በኋላ ለጥቂት ወራት ቢቋረጥም ይመለሳል፣ ማርገዝና መውለድ ትችላለች። ከኤስትሮጅን ሆርሞን ጋር የተቀላቀለ የወሊድ መከላከያ እንክብል ግን የደም መርጋት አደጋን ስለሚጨምር ከሐኪም ጋር ትምከር። ይህን የምታነጋግራት ሴት ነርስ ወይም ሐኪም ከመውጣቷ በፊት ፈልጉላት።

ወዲያው ሆስፒታል የሚያስኬዱ፦ አንድ እግሯ ብቻ ካበጠና ከሞቀ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል አትሹት። ከትንሽ መውደቅ በኋላ እግሯ ካበጠ ወይም ከጠቆረ ሳያማት ተሰብራ ሊሆን ይችላል፤ የማይንቀሳቀስ እግር አጥንቱ ይሳሳል። ሌላ ሰው ይህን ቢያነብ ደግሞ፣ ጉዳቱ ቲ6 ላይ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ድንገት ጭንቅላቱን ሲፈልጠውና ፊቱን ሲያልበው የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ እየወጣ ሊሆን ይችላል። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ እግሩን አውርዱ፣ የጠበቀ ልብስ ፍቱ፣ መጀመሪያ ፊኛውን ቀጥሎ አንጀቱን እዩ፤ ካልወረደ ድንገተኛ ሕክምና ነው።

ልዩ ፍላጎት አስተባባሪ፦

ከትምህርት ቤቱ በኩል አንድ ሁለት ነገር። በ2006 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 27 በሥራ ቦታ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ይጠይቃል። ጥያቄው ግን “እርዱን” ተብሎ ሳይሆን በጽሑፍና በዝርዝር ሲቀርብ ቶሎ ይሠራል፦ ክፍሎቿ በሙሉ ምድር ቤት ይሁኑ፤ ተማሪ ይዘዋወር እንጂ እሷ በክፍለ ጊዜ መሃል አትሩጥ፤ የጠረጴዛው ሥር ቢያንስ 70 ሴ.ሜ. ከፍታ ይኑረው፤ በተማሪዎች ወንበሮች መካከል 90 ሴ.ሜ. መተላለፊያ ይተው።

ከዊልቸር ላይ እጅ ምቹ ሆኖ የሚደርሰው እስከ 120 ሴ.ሜ. ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሰሌዳው ዝቅ ተደርጎ ይሰቀል፤ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ተጠግታ ትጻፍ። ለሒሳብ ረጅም ስሌት ይህ ስለሚጠብ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ጽፋ በፕሮጀክተር ማሳየት ይሻላል። ፊቷ ወደ ተማሪው እንደሆነ ይቀጥላል፣ ትከሻዋም ያርፋል።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በግማሽ ቀን ትጀምር። ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ ሙሉ የሥራ ቀን ትለማመድ፦ በሰዓቱ መነሳት፣ መልበስ፣ በየ30 ደቂቃው ማዘንበል፣ በሁለቱ ሰዓት ካቴተር፣ ማታ ቆዳ ማየት። የመቀመጫ ጊዜዋን በቀን በ30 ደቂቃ ትጨምር፤ ቆዳዋ ላይ ምልክት ከታየ ግን ምልክቱ ጠፍቶ ቀድሞ ወደቻለችው ሰዓት ትመለስ። ትምህርት ቤቱ ከመከፈቱ አንድ ወር ቀደም ብላም ግቢው ባዶ በሆነበት ቀን ከበሩ እስከ ክፍሏ፣ ከክፍሏ እስከ መጸዳጃው ራሷ እየገፋች ትሂድበት። የፊት ትንንሽ ጎማዎቹ የሚሰምጡበትን የውኃ መውረጃ ክፍተትና በቀላሉ የማይከፈት በር ያኔ ስታገኝ፣ ለመጠገን ገና ጊዜ አለ።